ሙጫ እምቢ ያለው ሳንቃ

እንጨት ድሮ ስሙን ይዞ ነበር የሚመጣልኝ፤
ጥዱን በጠረኑ፣ ወይራውን በክብደቱ፣
ዋንዛውን ዓይኔን ጨፍኜ በመዳፌ እለየዋለሁ።
ይህ ግን
ከጅቡቲ፣ በፓስታ ካርቶን መሃል ተኝቶ
በከባድ መኪና የመጣ ነጭ ሳንቃ፣
ዛፍ ያልወለደው፣ አንጓ የሌለው፣
ደፌ ላይ ሲወርድ
ማን ልበልህ ብለው ዝም አለኝ።

«የባሕር ሳንቃ ነው» አለ አብዶሽ ዩያ፣
«ፕላስቲክ ነው፤ ግን መርከበኞች ያምኑታል።
ሐሮማያ ተመልሷል። ታንኳ ሥራልኝ።»
ሐይቁ የደረቀ ጊዜ
የአባቱን ጀልባ ፈልጦ ማገዶ የሸጠ ሰው ነው፤
በሐይቁ ወለል ላይ ድንች ተክሎ ነበር።
አሁን ውሃው ድንቹን እየዋጠ ሲመጣ
እንደ ባለዕዳ ዳር ቆሞ ያየዋል።

እኔስ? ሠላሳ ዓመት በባቡሩ ጋራዥ
የፉርጎ ወለል ሳነጥፍ የኖርኩ፣
ታንኳ በሕልሜም ሠርቼ አላውቅ።

መጋዙን ሳሳርፍበት አልጮኸም።
ሰጋቱራ የለው፤ ረጅም ነጭ ክር ይፈተላል፣
እንደ ብርቱካን ልጣጭ እየተጠቀለለ።
የጎረቤት ፍየል ልትቀምሰው መጣች፣
ሮብሌ በነጠላ ጫማው አባረራት።
ሙጫ ቀባሁት፤ በማግሥቱ ተልጦ ወደቀ።
የእንጨቱን ኮላ፣ የጫማ ሰፊውን፣
ሁለት ጠርሙስ አዋህደው የሚቀቡትን ውዱን፣
ሁሉንም እንደ ላብ ጠረገው።
አቦ! እንዲህ ያለ ኩሩ አይቼ አላውቅም።
ምስጥ የማይደፍረው ነገር
ወዳጅም አያስጠጋ ይሆን?

በብሎን ያዝኩት። ጠዋት በልኩ ገጥሜ
ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታንቋቋው፣
ሆዱን ነፍቶ ከቅርጹ ወጥቶ አገኘሁት።
ሲመሽ ነፋስ ከጋራው ወረደ፤
ተኮማትሮ ቦታው ገባ፣ ምንም እንዳላደረገ።
ሦስት ቀን ለካሁት፤
የቀን ቁመት አለው፣ የሌሊት ቁመት አለው።
«ጋሼ፣ ልክ እንዳንተ ነው» አለ ሮብሌ፣
«ቀን ቀን ትቆጣለህ።»

ያን ጊዜ ሐዲዱ ትዝ አለኝ።
በሐዲድና በሐዲድ መሃል የጣት ክፍተት ይተዋል፣
ብረቱ በሐሩር ሲረዝም የሚገባባት።
ባቡሩ ተክ-ተክ የሚለው እሷን ሲሻገር ነው፤
ስንቱን ሕፃን አስተኝታለች፣ ያቺ ጎደሎ።
እናም የብሎኑን ቀዳዳ
እንደ ስንዴ ቅንጣት አስረዘምኩት፤
ብሎኑንም እስከ ጥግ አላጠበቅኩ።
ሂድ፣ ግን ተመለስ አልኩት።

መገጣጠሚያውን በትኩስ አየር በየድኩ፤
ከገላው የተላጠውን ክር መልሼ እያቀለጥኩ።
ሱቁ የጠፋ ሻማ ሸተተ።
ለካ ባዳ አይይዘውም እንጂ
የራሱን ሥጋ ሲያገኝ
በመዶሻም አይላቀቅ።

ሲያልቅ ደቻቱ አሸዋ ላይ አወረድነው፣ እስቲ እንየው ብለን።
ውሃ የለም። ግመል ተኝቷል፣
ልጆች በድንጋይ ጎል ሠርተው ኳስ ይራገጣሉ።
ሮብሌ ገብቶ ተቀመጠ።
ሮብሌ ማለት የዝናብ ልጅ ነው፤
ጎርፉ የመጣ ሌሊት፣ ጣራ ላይ ተወለደ፤
አባቱ መሰላሉን እንደያዘ ቀረ።
ሳንቃውን በጉልበቱ አንኳኳና
«ጋሼ፣ ይሄ ያኔ ቢኖር…» ብሎ ተወው።
እኔም አልጨረስኩለትም።
ኳሷ መጥታ ታንኳውን መታች፤
እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ።

ቅዳሜ በአይሱዙ ጭነው በደንገጎ ዳገት ወጡ።
«ላይ ብርድ ነው፣ ያጥራል» አልኩት አብዶሽን፣
«ሲንቋቋ አትደንግጥ፣ ብሎኑንም አታጥብቅበት።»
ሰምቶኝ እንደሆን እንጃ።
ግማሹን በብር፣ ግማሹን በድንች ከፈለኝ፤
ከሐይቁ ወለል የመጨረሻው ነው አለ።
ቀቅለን በላነው፣ እኔና ሮብሌ፣
በተራረፈው ነጭ ቁራጭ ላይ ዘርግተን።
ጭቃ ጭቃ ይላል።